ከሙታን ስም ዝርዝር ሥር የታተመው ማስታወቂያ

የጋዜጣን ገጽ ጠጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው እጅግ የሚያስገርም ጉርብትና ይታየዋል። በአንደኛው ዓምድ የአንድ ቤተ ሰብ ኀዘን በጥቍር መሥመር ተከብቦ ይገኛል፤ ከሥሩ ወይም ከጐኑ ደግሞ ሳሙናን፥ ጫማን ወይም ምግብን የሚያወድስ ማስታወቂያ ተዘርግቷል። ሁለቱን ያጐራበታቸው ክፋት ወይም ፌዝ አይደለም፤ ገጹን የሚያሰናዳው ሠራተኛ ባዶ ቦታ አግኝቶ ሞልቶታል እንጂ። አንባቢውም ልማድ ስለ ሆነበት ዐይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ነገሩን ግን ልብ አይለውም።

ይህን ጉርብትና ልብ ብሎ የተመለከተ አንድ ደራሲ ነበረ። እርሱም አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ ሲሆን መጽሐፉ «ዩሊሲስ» ይባላል። ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ተጽፏል፤ አስቸጋሪነቱም ስሙን ከሰሙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹን ሳይከፍቱት አስፈርቷቸዋል። እኛ ዛሬ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ብዙ በሮች አንዱን ብቻ ከፍተን ለመግባት እንወዳለን። ይኸውም፦ ልጁን የቀበረ አባት፥ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ማስታወቂያ በማሰባሰብ ሲሆን፥ ኀዘኑና ሥራው በልቡ ውስጥ እንዴት ይኖራሉ? የሚለው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። «ዩሊሲስ» የታተመው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፥ ደራሲው 40 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። ያሳተሙትም በፓሪስ የመጻሕፍት መደብር የነበራቸው አሜሪካዊት ሲልቪያ ቢች ነበሩ፤ የመጀመሪያው እትም 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። ጆይስ ሥራውን በ1914 በትሪየስት ጀምሮ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዙሪክ ቀጥሎ፥ በ1921 በፓሪስ ፈጸመው። መጽሐፉ ነውር አለበት ተብሎ በአሜሪካ ታግዶ ከቈየ በኋላ፥ በ1933 ዳኛ ጆን ዉልዚ ክልከላው እንዲነሣ ፈረዱ።

የመጽሐፉ ታሪክ 18 ምዕራፎች ሲኖሩት፥ ሁሉም የሚፈጸመው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፥ ሐሙስ ጁን 16 ቀን 1904 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 9 ቀን 1896 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የመጽሐፉ ስም የተወሰደው ከጥንታዊው የግሪክ ባለ ቅኔ ከሆሜር ጀግና ከኦዲሴውስ ነው፤ ሮማውያን ይህን ጀግና ዩሊሲስ ይሉት ነበር። ኦዲሴውስ ከትሮያ ጦርነት ወደ ቤቱ ለመመለስ ብዙ ዘመን በባሕር ላይ ሲንከራተት፥ ሚስቱ ታማኝ ሆና ትጠብቀዋለች፤ ልጁ ቴሌማኮስም አድጎ አባቱን ይፈልጋል፤ በመጨረሻም አባትና ልጅ ይገናኛሉ። የጆይስ ሰው ግን ሲመሽ ወደ ቤቱ ቢመለስም የሚጠብቀው ልጅ የለም። ሁለቱን ታሪኮች ስናነጻጽር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየን ጉድለት ይህ ነው።

የዚህ ሰው ስም ሌኦፖልድ ብሉም ሲሆን ዕድሜው 38 ዓመት ነው። «ፍሪማንስ ጆርናል» ለሚባለው የደብሊን ጋዜጣ፥ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየዞረ ማስታወቂያ ያሰባስባል። ይህ ሥራ ለደራሲው እንግዳ አልነበረም፤ የጆይስ አባት ጆን ጆይስ ራሳቸው ለዚሁ ጋዜጣ ማስታወቂያ አሰባስበዋል። የቤተ ሰብ ኀዘንም ለደራሲው እንግዳ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙ ጆርጅ በ1902፥ እናቱ ደግሞ በ1903 ሞተውበታል። እንግዲህ ጆይስ ሁለቱን ነገሮች ከሩቅ ሰምቶ ሳይሆን በቤቱ አይቶ ያወቃቸው ነበሩ።

ብሉም ያጣቸው ሰዎች ሁለት ናቸው። አባቱ ከሀንጋሪ አገር የመጣ አይሁዳዊ ሲሆን፥ በ1886 በኤኒስ ከተማ በሆቴል ውስጥ መርዝ ጠጥቶ ሞቷል። ሩዲ የተባለው ወንድ ልጁም በ1893 በዲሴምበር መጨረሻ ተወልዶ፥ ከ11 ቀን በላይ አልኖረም። ከዚህ በኋላ በባልና በሚስት መካከል አንድ ነገር ቀዝቅዟል፤ ከሩዲ ሞት በኋላ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ሚሊ የተባለች ልጅ አለቻቸው፤ እርስዋ ግን ገና 15 ዓመት እንደ ሞላት፥ ከቤት ርቃ በመሊንጋር ከተማ በፎቶግራፍ አንሺ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሚስቱ ሞሊ ዘፋኝ ናት፤ በዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ሂዩ ቦይላን ከሚባል የዘፈን ጉዞ አዘጋጅ ጋር ቀጠሮ እንዳላት ብሉም ያውቃል። ያውቃል፤ ነገር ግን አንድም ቃል አይናገርም።

በቋንቋችን «እርም ማውጣት» የሚባል ነገር አለ። ሰው የሞተበትን አልቅሶ፥ ደረቱን መትቶ፥ ወዳጅ ዘመድ ከብቦት ኀዘኑን ካላወጣ፥ እርሙ በውስጡ እንደ ታፈነ ይኖራል። ብሉም እርሙን ያላወጣ ሰው ነው። የ11 ቀን ሕፃን ሲሞት ሰው ሁሉ ነገሩን አቅልሎ ይመለከተዋል፤ በራሱ ላይ መርዝ የጠጣ አባት ሲሞት ደግሞ ሰው ሁሉ ስሙን ለማንሣት ያፍራል። ስለዚህ ብሉም ሁለቱንም ኀዘኖች በሆዱ ይዞ፥ ቀኑን ሙሉ በከተማው ውስጥ ይዞራል። ሲዞር ደግሞ ዐይኑ የሚያርፈው በማስታወቂያ ላይ ነው፤ ሥራው ነውና።

ጥዋት ብሉም ጥቍር ልብስ ለብሶ፥ ፓዲ ዲግናም ወደሚባል ወዳጁ ቀብር ለመሄድ ሰዓቱን ይጠብቃል። አንድ የሚያውቀው ሰው መንገድ ላይ አግኝቶት ስለ ዲግናም ሞት ያነጋግረዋል። ብሉም እየሰማ የያዘውን ጋዜጣ ሲዘረጋ ዐይኑ በአንድ ማስታወቂያ ላይ ያርፋል። ማስታወቂያው ፕላምትሪ የተባለ ሰው ስለሚሸጠው የታሸገ ሥጋ ነው፤ ይኸውም ተቀቅሎና ተፈጭቶ በትንሽ ማሰሮ ታሽጎ የሚሸጥ ሥጋ ነው። የማስታወቂያው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ሥጋ የሌለበት ቤት ምን ቤት ይባላል? ብሎ ይጠይቅና፥ ጐዶሎ ነው ብሎ ራሱ ይመልሳል፤ ሥጋው ያለበት ቤት ግን የደስታ መኖሪያ መሆኑን ይናገራል።

ብሉም ይህን ሲያነብ ምንም አይልም። ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ግን ምሳውን ለመብላት ከአንድ መጠጥ ቤት ገብቶ ሳለ፥ ማስታወቂያው በሐሳቡ ይመለስበታል። ያን ጊዜ እንደ ባለ ሙያ ይፈርድበታል፤ ከሙታን ስም ዝርዝር ሥር መታተሙ ትልቅ ሞኝነት ነው ይላል። እውነትም ጥዋት ወደ ቀብር ሲሄድ በሠረገላው ውስጥ ሆኖ የዚያን ጋዜጣ የሙታን ስም ዝርዝር በዐይኑ ሲከተል ነበር፤ የዲግናምም ስም በፊደል ተራው ውስጥ ነበረ። ስለ ሥጋ የሚናገር ማስታወቂያ ከሬሳ ዜና ሥር! ብሉም በሐሳቡ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ፥ በመራራ ቀልድ ይስቃል።

ብዙ አንባቢዎች ከዚህ ላይ ስቀው ያልፋሉ። ደራሲውም እንድንስቅ መፈለጉን አንጠራጠርም። ነገር ግን እኛ ከሳቁ በኋላ ያለውን ነገር ለማየት እንሞክር። ማስታወቂያው የጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር? ቤት ያለ አንድ ነገር ምን ቤት ይባላል? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለብሉም በቀጥታ የተጻፈ ደብዳቤ ይመስላል። የብሉም ቤት በእርግጥ ጐዶሎ ነው። የጐደለው ግን በማሰሮ የታሸገ ሥጋ አይደለም። እንግዲህ የማስታወቂያው ጥያቄ ትክክለኛ ሲሆን መልሱ ሐሰት ነው። ማስታወቂያ በቤታችን ውስጥ አንድ ነገር መጕደሉን ያውቃል፤ ማን እንደ ጐደለ ግን አያውቅም። ይህን መጽሐፍ ካነበብን በኋላ በልባችን የቀረው ዋና ነገር ይህ ነው።

ስለ ማስታወቂያ ሲናገር ጆይስ እንደ ሰባኪ አይወቅስም። ብሉም ሥራውን የሚወድና ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ነው። በሊፊ ወንዝ ላይ አንድ ጀልባ ቆሞ፥ በላዩ ኪኖ የተባለ ነጋዴ ሱሪ በ11 ሽልንግ እንደሚሸጥ የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፎበት ሲያይ፥ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ ያደንቃል። ወዲያው ደግሞ ነጋዴው ለዚህ ቦታ ለማዘጋጃ ቤት ኪራይ ይከፍል ይሆን? ብሎ ይጠይቃል፤ የሚፈስ ውሃ የማን ርስት ሊባል ይችላል? እያለ ይፈላሰፋል።

ቀጥሎም አምስት ሰዎች ነጭ ረጃጅም ባርኔጣ ደፍተው፥ በደረታቸውና በጀርባቸው ሰሌዳ ተሸክመው በመንገድ ዳር ሲሄዱ ያገኛቸዋል። በየባርኔጣቸው ላይ አንዳንድ ቀይ ፊደል አለ፤ አምስቱ ሲሰለፉ ሄሊስ የሚባለውን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስም ይጽፋሉ። አራተኛውን ፊደል የደፋው ሰው ግን ወደ ኋላ ቀርቶ፥ ከሰሌዳው ሥር ቍራሽ ዳቦ አውጥቶ እየሄደ ይበላል። የቀን ደመወዛቸው ሦስት ሽልንግ ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው ርቦት ወደ ኋላ ሲቀር የመደብሩ ስም ይፈርሳል። ማስታወቂያውን የተሸከመው ሥጋ ለባሽ መሆኑን ደራሲው በዚህች በትንሽ ነገር ያስታውሰናል።

ብሉም ራሱ በፊት በዚህ መደብር ተቀጥሮ ነበር። ያን ጊዜ ለጌታው አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ግድግዳው መስታወት በሆነ ሠረገላ ውስጥ ሁለት ያማሩ ልጃገረዶች ተቀምጠው ደብዳቤ እየጻፉ በከተማው ይዙሩ፥ የሚጻፈውን ለማወቅ የማይጓጓ ሰው የለምና የመንገደኛውን ዐይን ሁሉ ይስባሉ የሚል ነበር። ጌታው ግን ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ብሉም እንደሚለው፥ እርሱ ራሱ ቀድሞ ስላላሰበው ነው። በዚህ ታሪክ ብሉም የማስታወቂያን ምሥጢር አሳምሮ እንደሚያውቅ እንረዳለን። ሰውን የሚስበው ዕቃው ሳይሆን፥ ከዕቃው በስተጀርባ ያለው ያልተነገረ ነገር ነው።

በዚያን ዕለት የያዘው ሥራ ደግሞ ኪይስ ለሚባል የሻይና የመጠጥ ነጋዴ ማስታወቂያ ማውጣት ነው። የነጋዴው ስም በእንግሊዝኛ «ቁልፎች» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ስለ ሆነ፥ ሁለት የተመሳቀሉ ቁልፎች በማስታወቂያው አናት ላይ እንዲሣሉ ይፈልጋል። የማን ደሴት ምክር ቤትም በዚሁ በቁልፎች ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ የአገር በራስ መተዳደርን ነገር ለአየርላንዳዊው አንባቢ በጨረፍታ ያስታውሰዋል። ለዚህች ትንሽ ሥራ ብሉም ከጋዜጣው ቢሮ ወደ ነጋዴው፥ ከነጋዴው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲመላለስ ይውላል። ነጋዴው ለሁለት ወር እንጂ ለሦስት ወር አልከፍልም ይላል፤ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ደግሞ በጸያፍ ቃል ይመልሰዋል። ሲመሽ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሌላውን ሰው የሚያግባባ ጥበብ ያለው ይህ ሰው፥ ለራሱ የሚሆነውን ትንሽ ነገር እንኳ አግባብቶ ማግኘት አልቻለም።

ማስታወቂያ በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚናገር ለማየት የፈለገ፥ በመጽሐፉ ውስጥ ገርቲ ማክዳውል የተባለችውን ወጣት ይመልከት። ይህች ልጅ ሲመሽ በባሕር ዳር ተቀምጣ ስለ ራስዋ ስታስብ፥ ሐሳብዋ ሁሉ ከሴቶች መጽሔት የተቀዳ ነው። ለቅንድብ የሚሆን ቅባት፥ ለደም ማነስ የሚሆን ኪኒን፥ ለፊት የሚሆን ቅባት በሐሳብዋ ይመላለሳል። እግርዋ ስንኩል መሆኑን አንባቢው የሚያውቀው ከመቀመጫዋ ተነሥታ ስትሄድ ነው።

አባትዋ ሰካራም ነው፤ የቤቱንም ደስታ ያጠፋው መጠጥ ነው። ገርቲ ስለ አባትዋ ስታዝን፥ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስካርን የሚያስተው ዱቄት እንደሚሸጥ ማንበብዋን ታስታውሳለች፤ ያን ዱቄት ወስዶ ቢሆን ኖሮ እያለችም ትመኛለች። ጆይስ በዚህ ላይ የሚስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ነገሩ የሚያስለቅስ ነው። አባትዋን ከመጠጥ ለማዳን የምትመኝ ልጅ፥ ምኞትዋን የምትናገርበት ሌላ ቋንቋ አላገኘችም። ያገኘችው ቋንቋ የማስታወቂያ ቋንቋ ብቻ ነው። ምኞትዋ ግን እውነተኛ ነው።

የሞት ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚገነው በቀብሩ ምዕራፍ ነው። ብሉም ከሦስት ሰዎች ጋር በአንድ ሠረገላ ተሳፍሮ ወደ ግላስኔቪን መካነ መቃብር ሲሄድ፥ የአንድ ሕፃን ትንሽ የሬሳ ሣጥን በአጠገባቸው ያልፋል። ብሉም ወዲያው የሩዲን ፊት ያስታውሳል። ጥቂት ቈይቶ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፥ በቤተ ሰብ ውስጥ ራሱን የገደለ ሰው መኖሩ ትልቅ ነውር ነው ብሎ ይናገራል። የብሉምን አባት ነገር የሚያውቀው ማርቲን ከኒንግሃም የተባለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በርኅራኄ መፍረድ እንደሚገባ ተናግሮ ነገሩን ያለዝበዋል። ብሉም ዝም ብሎ በልቡ ያመሰግነዋል።

በዚያው ሠረገላ ውስጥ ሳለ፥ ሩዲ ቢኖር ኖሮ እያለ ያስባል። የልጁን ድምፅ በቤት ውስጥ ሲሰማ፥ ልጁ የታላላቅ ሰዎች ልጆች የሚለብሱትን የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ ከእናቱ ጐን ሲሄድ ይታየዋል። በመቃብሩ ቦታም ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል፤ የሟቾች ድምፅ እንዳይረሳ በየመቃብሩ ወይም በየቤቱ የሸክላ ማጫወቻ ቢኖርና፥ እሑድ ከምሳ በኋላ የቅድመ አያትን ድምፅ ማሰማት ቢቻል መልካም ነበር ይላል። እንግዲህ ይህ የነጋዴ ሐሳብ ነው፤ አዲስ ዕቃ ለገበያ የማቅረብ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የዚህን ዕቃ ገዢ ማን ይሆናል ብለን ብንጠይቅ፥ የመጀመሪያው ገዢ ብሉም ራሱ ነው። የ11 ቀን ልጁ ግን ከለቅሶ በቀር የሚቀረጽ ድምፅ አልነበረውም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሌላም ኀዘንተኛ አለ፤ ስሙ ስቲቨን ዴዳለስ ነው። ይህ ወጣት እናቱ በሞት አልጋ ላይ ሳለች ተንበርክኮ እንዲጸልይላት ብትለምነው እምቢ ብሏል፤ ከዚያም ወዲህ ከል ለብሶ በጸጸት ይኖራል። ልጁን ያጣ አባትና እናቱን ያጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ በአንድ ከተማ ሲተላለፉ ውለው፥ ሌሊት ይገናኛሉ። ስቲቨን ሰክሮ በአንድ ወታደር ተመትቶ በመንገድ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ብሉም ከአጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ሩዲ በራእይ ይታየዋል።

ይህች ራእይ አከራካሪ ናት። ሩዲ የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ፥ በሠረገላው ውስጥ የታሰበውን ያን የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ፥ የመስታወት ጫማ ተጫምቶ፥ የአልማዝና የሩቢ ቍልፍ ያለው ልብስ አድርጎ ይቆማል። መጽሐፍ ይዞ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል፤ ይህም የአያቶቹ የዕብራይስጥ አነባበብ ነው። ከሰደርያው ኪስ ትንሽ ነጭ ጠቦት ብቅ ብላ ትታያለች። አንዳንድ አንባቢዎች ይህ ሁሉ ጌጥ የሱቅ መስኮት ይመስላል፥ ኀዘኑንም ያረክሰዋል ይላሉ። የሱቅ መስኮት መምሰሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ መስኮት ሲያሳምር የኖረ አባት፥ የሞተ ልጁን ለማክበር ሌላ ምን ጌጥ ያውቃል? ያለውን ሁሉ አልብሶታል። ጠቦቷም ዝም ብላ የተጨመረች ጌጥ አይደለችም፤ ሞሊ ሕፃኑ የተቀበረበትን ልብስ በበግ ጠጕር የሠራችው መሆኑ በሌላ ቦታ ተነግሯል። ከአልማዙና ከሩቢው መካከል የእናቱ የእጅ ሥራ ብቅ ብሏል ማለት ነው።

ብሉም የልጁን ስም ይጠራል። ልጁ ዐይኑን ወደ አባቱ ያቀናል፤ ነገር ግን አያየውም። ምዕራፉ በዚሁ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ ብሉም ስቲቨንን ወደ ቤቱ ወስዶ ኮኮ አፍልቶ ያጠጣዋል። ኮኮውም ቢሆን በየማስታወቂያው የሚታይ ስም ያለው ሸቀጥ ነው፤ ሁለቱ ኀዘንተኞች ግን አንድ ላይ ጠጥተውታል። ጆይስ ሸቀጥን በደፈናው አለመናቁን ከዚህ እንረዳለን። ሰው ለሰው ሲያቀርበው ሸቀጡም ምግብ ይሆናል። ስቲቨን ግን እደር ሲባል እንቢ ብሎ ይሄዳል፤ የጠፋውን ልጅ ቦታ የሚሞላ ሌላ ልጅ አይገኝም።

ብሉም ብቻውን ሲቀር በቤቱ ያለውን ዕቃ እናያለን። በቍም ሣጥኑ ውስጥ ባዶ የፕላምትሪ ማሰሮ አለ፤ አልጋው ላይም የዚያው የታሸገ ሥጋ ፍርፋሪ አለ። ቦይላን ቤቱ መጥቶ መሄዱን የሚመሰክር ነው። የደስታ መኖሪያ ያደርጋል የተባለው ሥጋ በዚህ ቤት በእርግጥ ተበልቷል፤ ቤቱ ግን ከጥዋቱ ይልቅ ጐድሏል። ብሉም ፍርፋሪውን አራግፎ ይተኛል። በጠረጴዛው በአንደኛው መሳቢያ በሽታ ሁሉ ይፈውሳል የሚመስል የመድኃኒት ማስታወቂያ፥ በሁለተኛው መሳቢያ ደግሞ አባቱ ሳይሞት የጻፈለት የመጨረሻ ደብዳቤ ተቀምጧል። ጥዋት ከሥጋ ሻጭ ቤት ያነሣው ሌላ ማስታወቂያም ነበር፤ ገንዘብ ለላከ ሰው በፍልስጥኤም ምድር ወይራና ብርቱካን እንደሚተከልለት ተስፋ የሚሰጥ ነው። ይህን የአባቶች አገር ተስፋ በሻማ አቃጥሎታል።

ብሉም ከመተኛቱ በፊት ዘወትር የሚያስበው አንድ ነገር እንዳለ መጽሐፉ ይነግረናል። ይኸውም መንገደኛውን ሁሉ በአድናቆት የሚያቆም፥ ትርፍ ነገር ሁሉ የተወገደበት፥ ባንድ ጊዜ በዐይን የሚገባ፥ ወደር የሌለው ማስታወቂያ ለመፍጠር ነው። ብሉም ይህን ማስታወቂያ አላገኘውም። እኛ ግን ሳያውቀው አግኝቶታል ለማለት እንደፍራለን። ትርፍ ነገር የሌለበት፥ ባንድ ዕይታ የሚነበብ፥ ሰውን ከመንገዱ የሚያቆም ጽሑፍ፥ የአንድ ሰው ስም ነው። በዚያች ሌሊት ብሉም የተናገረው የመጨረሻ ትልቅ ቃል «ሩዲ» የሚል ስም ብቻ ነበር። የሙታን ዝርዝርም ከስም በቀር ሌላ ምን አለው? ከዚያ ዓምድ ሥር ያለው ማስታወቂያ ብዙ ይናገራል፤ ዓምዱ ግን ስም ብቻ ይጠራል፤ ለሚያውቀውም ሰው ይበቃዋል።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ማስታወቂያን ለመጥላት የሚያነበው ሰው ያሰበውን አያገኝም። ማስታወቂያ እንጀራ ነው፤ ብሉምም ያንኑ እንጀራ ይበላል። ኀዘንን የሚያስረሳ መድኃኒት ለመፈለግ የሚያነበውም አያገኝም። የሚገኘው ሌላ ነገር ነው። ቤትህ ጐዶሎ ነው የሚል ድምፅ በጋዜጣ፥ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥን ወይም በኪስ ስልክ ሲመጣብን፥ ድምፁ ሐሰት የሚናገር አይደለም፤ ጕድለት የሌለበት ቤት የለምና። ነገር ግን ወደ ገበያ ከመሄዳችን በፊት፥ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ሳይሆን ማን እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። መልሱ የሰው ስም ሆኖ ከተገኘ፥ ያንን ስም በጥሪ መጥራት፥ ከሚያውቁት ሰዎች ጋርም ማንሣት ይሻላል። ብሉምና ሚስቱ በአንድ አልጋ ተኝተው፥ እያንዳንዳቸው ሩዲን በልባቸው አስበዋል፤ ሞሊም የሠራችለትን ልብስና ያለቀሰችውን ለቅሶ አስታውሳለች። አንዳቸው ለሌላው ግን ስሙን አላነሡም። ይህን ለአንዱ ወይም ለሌላው ቀድሞ የነገረው ቢኖር ኖሮ፥ ከማናቸውም የታሸገ ሥጋ ይልቅ ለዚያ ቤት ይጠቅመው ነበር።